ፓወር ባላድ ምንድን ነው?

በእኛ አካባቢ «ስሎው» የሚባለው ነገር ሰፊ ነው። ኬኒ ሮጀርስም፣ ሴሊን ዲዮንም፣ ስኮርፒየንስም አንድ ፍላሽ ላይ ተጭነው ከደብረ ብርሃን እስከ ደብረ ሲና በሚኒባስ ይዘፍናሉ። ተሳፋሪው ሁሉንም ስሎው ይላቸዋል። ግን አንድ አይደሉም። ኬኒ ሮጀርስ ካንትሪ ነው። ሴሊን ዲዮን ፖፕ ናት፣ ምንም እንኳ አንዳንድ ዘፈኗ ጣሪያ ቢነካም። የስኮርፒየንሱ ግን የራሱ ስም አለው፦ ፓወር ባላድ።

ባጭሩ ይህ ነው። ሲጮህ የምናውቀው የሮክ ባንድ ዘገም ያለ የፍቅር ወይም የትካዜ ዘፈን ይሠራል። ዘፈኑ በዝግታ ይጀምራል፣ እየወጣ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ባንዱ በሙሉ ኃይሉ ይጫወታል። ፍጥነቱ በአብዛኛው በደቂቃ ከ60 እስከ 80 ምት አካባቢ ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ የዚህ ዘፈን ዋናው ጥበብ ማዘግየት ነው። ባንዱ መጮህ እንደሚችል ታውቃለህ። ድራሙም፣ ጊታሩም እዚያው አሉ። ግን አይጮሁም። መጀመሪያ ንጹሕ ጊታር ወይም ፒያኖ ብቻ ነው፤ ድምፃዊው ጆሮህ ሥር ያለ ያህል ዝቅ ብሎ ይዘፍናል። አዝማቹ ላይ ትንሽ ይከፈታል፣ ከዚያ ተመልሶ ይዘጋል። ሁለተኛው አዝማች ላይ ያ የሚሻክረው የጊታር ድምፅ፣ ዲስቶርሽን የሚሉት፣ ይገባል። ቀጥሎ የጊታር ሶሎ ይመጣል፤ ሰውየው መናገር ያቃተውን ጊታሩ ይጨርስለታል። አንዳንዱ ባንድ በዚህ ሁሉ ላይ ቶኑን አንድ ደረጃ ከፍ ያደርገዋል።

አንኮበር ላይ ጥምቀትን ያከበረ ሰው ይህን አወጣጥ ያውቀዋል። ሊቃውንቱ ዜማውን መጀመሪያ በቁም፣ ያለ ከበሮ ይሉታል። ከዚያ በመቋሚያ ይዘሙታል። ቀጥሎ ጸናጽሉና ከበሮው ገብተው ይመረግዳሉ። ጽፋት ላይ ሲደርስ ምቱ ይፈጥናል፣ ጭብጨባው ይቀልጣል። ዜማው ያው ነው፤ የሚጨምረው ኃይሉ ነው። ማኅሌትና ሮክን አንድ ላይ አነሳህ ብሎ የሚቆጣኝ ካለ፣ የማወራው ስለ አወጣጡ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ስኮርፒየንስ እንመለስ፤ «ዊንድ ኦፍ ቼንጅ» (የለውጥ ነፋስ) የሚለው ዘፈናቸው የተሠራበት መንገድ ራሱ ጥሩ ታሪክ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ስኮርፒየንስ የጀርመኗ ሃኖቨር ልጆች ናቸው። በ1988 ሌኒንግራድ ሄደው ተጫወቱ። በኦገስት 1989 ደግሞ ሞስኮ ውስጥ፣ ሌኒን ስታዲየም ለሁለት ቀን በተካሄደ ትልቅ የሮክ ፌስቲቫል ከቦን ጆቪና ከኦዚ ኦዝቦርን ጋር መድረክ ወጡ። እዚያ ሳሉ ሙዚቀኞቹም፣ ጋዜጠኞቹም፣ የቀይ ጦር ወታደሮችም አብረው በጀልባ ተሳፍረው በሞስኮ ወንዝ ላይ ወረዱ። ድምፃዊው ክላውስ ማይነ ያ ምሽት ከውስጡ አልወጣም። ዘፈኑ ገና ሲጀምር ወንዙንና ጎርኪ መናፈሻን የሚጠራው ለዚህ ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የበርሊን ግንብ ተከፈተ።

በዚህ ባንድ ልማድ ዜማውን የሚሠራው ብዙ ጊዜ ጊታሪስቱ ሩዶልፍ ሼንከር ነው፤ ማይነ ግጥሙን ይጽፋል። ይህን ግን ግጥሙንም ዜማውንም ማይነ ራሱ ሠራው። መግቢያው ላይ ፉጨት አስገባበት። የሙዚቃ ኩባንያው ሰዎች ፉጨቱን አልወደዱትም። ሃርድ ሮክ የሚጫወት ባንድ እንዴት ያፏጫል? ባንዱም እስቲ ብሎ ያለ ፉጨት ሞከረው፤ አልሆነም፣ አንድ ነገር ጎደለው። መለሱት። ዛሬ የዘፈኑን ቃል የማያውቅ ሰው እንኳ ፉጨቱን ያውቃል።

አልበሙ «ክሬዚ ዎርልድ» በ1990 መጨረሻ ወጣ። ዘፈኑ ለብቻው የተለቀቀው በጃንዋሪ 1991 ነው፣ ከአልበሙ ለብቻቸው ከወጡት ሦስተኛ ሆኖ። ጀርመን ውስጥ 1ኛ፣ እንግሊዝ 2ኛ፣ አሜሪካ 4ኛ ደረጃ ደረሰ። በሩሲያኛም ዘፈኑት። በዲሴምበር 1991 የሶቪየቱ መሪ ጎርባቾቭ ባንዱን ክሬምሊን ድረስ ጠርቶ ተቀበላቸው፤ ሶቪየት ኅብረት በዚያው ወር ፈረሰች። 1991 በእኛ 1983 ዓ.ም. ነው፣ ደርግ የወደቀበት። ዘፈኑ ግን እኔ ጆሮ የደረሰው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ከካሴት ካሴት ተቀድቶ ተቀድቶ፣ ከፉጨቱ ጋር ሽሽ የሚል ድምፅ ይዞ።

ሦስተኛ ሆኖ መለቀቁ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ከንግዱም ጋር ይያያዛል። የ80ዎቹ ባንዶች ኃይለኛ ዘፈን በየሬዲዮው በቀላሉ አይገባም ነበር። ለስላሳው ይገባል። ስለዚህ ኩባንያዎቹ መጀመሪያ ለሮክ ወዳጁ የሚጮኸውን ይለቁለታል። ከዚያ ባላዱ ይከተልና አልበሙን ሮክ ሰምቶ ለማያውቀው ሁሉ ይሸጠዋል። የአሜሪካው ፖይዝን «ኤቭሪ ሮዝ ሃዝ ኢትስ ቶርን» የሚለውን በ1988 የለቀቀው እንዲሁ በሦስተኛነት ነው፤ 1ኛ ወጣለት። ድምፃዊው ብሬት ማይክልስ እንደሚያወራው፣ ዳላስ ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ቤት ልብሱ እስኪታጠብለት ነው የጻፈው። ፍቅረኛው ጋ ስልክ ሲደውል ከጀርባዋ የወንድ ድምፅ ሰምቶ ነበር።

መነሻውን ብዙ ሰው ወደ 70ዎቹ ይወስደዋል። የስቲክስ ባንድ «ሌዲ» በ1973 ወጥቶ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው ታዋቂ የሆነው። በ90ዎቹ መጀመሪያ ኒርቫናና መሰሎቹ የሮክ ባንዶች ሲመጡ ፋሽኑ ቀዘቀዘ። ሜታሊካ ግን በ1991 «ናቲንግ ኤልስ ማተርስ»ን ሠራ። የመግቢያዋን ዜማ የባንዱ ድምፃዊ ጄምስ ሄትፊልድ ያገኛት በአንድ እጁ ስልክ ይዞ፣ በሌላው የጊታሩን ክሮች ዝም ብሎ ሲነካካ ነው ይባላል። ዘፈኑ ምንም ክር በጣት ሳይጫን የሚጀምረው ስለዚህ ነው።

ታዲያ ትዝታ ፓወር ባላድ ነው? አይደለም። ትዝታ መውጣት አይፈልግም። እዚያው ይዞርሃል፣ ስንኝ ይጨምርብሃል፣ ሲሰለቸው ይተውሃል። ልዩነቱ ቅኝቱ ውስጥም አለ። ሙሉ ትዝታን በዶ ከጀመርከው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ፋ እና ሲ የሉም። የሮክ ባላድ ደግሞ አብዝቶ የሚመላለሰው በዶ፣ በሶል፣ በላ ማይነርና በፋ ኮርዶች፣ ማለትም አንድ ላይ በሚመቱ ድምፆች፣ ነው። የፋ ኮርድ ያለ ፋ፣ የሶል ኮርድ ያለ ሲ አይሞላም። ስለዚህ የሚዋጣው፣ ድምፃዊው ከቅኝቱ ሳይወጣ ጊታሩና ቤዙ የጎደለውን ከሥር እንዲሞሉ ማድረግ ነው። ቅኝቱ ከዲስቶርሽን ጋር እንዴት እንደሚስማማ መስማት የፈለገ የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ» ይክፈት፤ በ2012 የወጣ ነው፣ ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል።

ይህን ሁሉ የምለው ደብረ ብርሃን ለሠርግ ሙዚቃ የሚያቀናብር አንድ ወጣት ስለጠየቀኝ ጭምር ነው። ደንበኛው ለሚስቱ «እንደ ስኮርፒየንስ ያለ» አዞት ነበር። ልጁ ድራሙን፣ ሳክስፎኑን፣ ስትሪንጉን ሁሉ ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ለቆታል።

«ጋሼ፣ አዝማቹ አይነሳልኝም» አለኝ።

«አንተ ልጅ፣ ጣሪያ ላይ ጀምረኸው ወዴት ይነሳ?»

እስከ ሁለተኛው አዝማች ድረስ ከኪቦርዱ በቀር ሁሉንም አጠፋው። ድራሙ ሲገባ እውነትም ተነሳ፤ ልጁ ራሱ ሳቀ። ደንበኛው ግን ሰምቶት «ጥሩ ነው፣ ሳክስፎኑ ግን ከመግቢያው ይመለስልኝ» ብሎታል።