የድሬዳዋ የመንገድ ላይ ምግብና ካሎሪው

ድሬዳዋ ከጂቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። መንገደኛና ነጋዴ ስለማይጠፋባት ቆመው ቶሎ የሚበሉት ነገር በየጥጉ አለ። በከፊራ ገበያ አካባቢ ሳምቡሳና በዘይት የሚጠበሰው ባጅያ፣ ጠዋት ፉልና ፈጢራ፣ ሲመሽ የተጠበሰ ድንች። በርገርና ፒዛም ገብተዋል። ለብዙው ሰው ግን ፈጣን ምግብ ማለት አሁንም እነዚያ ናቸው።

ካሎሪ ሲነሳ ሰው የሚጠይቀው ስለ ሳምቡሳው ውስጥ ነው፤ ስጋ ነው ምስር? ምስሩ ምንም አላጠፋም። ተቀቅሎ በ100 ግራም 115 ካሎሪ ገደማ ነው ያለው። ጉዱ ዘይቱ ጋ ነው። 1 ግራም ስብ 9 ካሎሪ ሲሰጥ ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት 4፣ 4 ይሰጣሉ። ድንች ተቀቅሎ በ100 ግራም 87 ካሎሪ ያህል አለው፤ ቺፕስ ሲሆን ውኃው ወጥቶ ዘይት ይተካና ከ300 ያልፋል።

ሳምቡሳ ዘይት ውስጥ ሲገባ የሚንጫጫው ከሊጡ በሚወጣው እንፋሎት ነው። እንፋሎቱ እየገፋ እስከወጣ ድረስ ዘይቱ ብዙም አይገባም። ሳምቡሳው ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ግን ላዩ ላይ የቀረውን ዘይት ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ ትኩሱን ወዲያው የምታጠነፍፍ ባለሙያ የበላተኛውን ካሎሪ ትቀንሳለች። ዘይቱ ሳይግል የሚጨምር ደግሞ ሊጡን ዘይት ያጠጣዋል። እንደ መጠኑ አንዱ ሳምቡሳ ከ100 እስከ 200 ካሎሪ ሊይዝ ይችላል፤ መቼም በአንድ የሚያቆም የለም።

ፈጢራም እንዲሁ ነው። ሊጡ እንደ ወረቀት ሳስቶ በዘይት ይታጠፋል፣ እንቁላል ይገባበታል፣ ማር ይፈስበታል። እንቁላሉ 6 ግራም ያህል ፕሮቲን ያመጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 60 ካሎሪ ገደማ ይጨምራል።

ከሁሉም ለእኔ አንደኛው ፉል ነው። ባቄላው ፕሮቲን፣ አሰር (ፋይበር) እና ብረት አለው። ቲማቲሙ፣ ቃሪያውና ሎሚው የሚሰጡት ቫይታሚን ሲ ሰውነት ብረቱን እንዲወስድ ያግዛል። ወዲያው የሚከተለው ሻይ ግን ይህንኑ ብረት ይይዝብናል፤ ትንሽ ቆይቶ መጠጣት ይሻላል። ዘይቱ ከላይ እንደ ኩሬ ከተኛ ደግሞ ሒሳቡ ይቀየራል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ነው።

ሰው የሚረሳው መጠጡን ነው። የድሬ ሙቀት ለስላሳ ያስጠራል። ባለ 300 ሚሊ ሊትሩ ኮካኮላ 32 ግራም ያህል ስኳር፣ 125 ካሎሪ ገደማ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው የተጨመረ ስኳር ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ25 በታች እንዲሆን ይመክራል። አንዷ ጠርሙስ ሁለተኛውን ልክ አልፋዋለች። የሮቃ (ታማሪንድ) ጭማቂ የተሻለ የሚሆነው ስኳሩ ሲቀንስ ነው፤ ጎምዘዝ ስለሚል ግን እጅ ወደ ስኳሩ ይሄዳል።