«ኮር ጨምሩልን»፦ ስለ ቨርቹዋል ማሽን ፍጥነት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ ቨርቹዋል ማሽን (በሰርቨር ላይ በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒዩተር) በዘገየ ቁጥር ወደ እኛ የሚመጣው ጥያቄ ያው አንድ ነው፤ «ኮር (የሲፒዩ የሥራ አሃድ) ጨምሩልን»። ኮር ሲበዛ ማሽኑ ሁልጊዜ ይፈጥናል የሚለው እምነት ስሕተት ከመሆኑም በላይ፣ ባጋጠሙኝ ብዙ ጉዳዮች የመዘግየቱ ምክንያት ራሱ ሆኖ ተገኝቷል።

ቨርቹዋል ኮር ሃይፐርቫይዘሩ (ሰርቨሩን ለብዙ ቨርቹዋል ማሽኖች የሚያከፋፍለው ሶፍትዌር) በእውነተኛ ኮር ላይ ተራ የሚሰጠው ወረፋ ጠባቂ እንጂ ለማሽኑ ተለይቶ የተቀመጠ ዕቃ አይደለም። ሰርቨሩ በተጨናነቀ ጊዜ አንዱ ቨርቹዋል ኮር የጋራ ሎክ (አንድን መረጃ በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ እንዲነካው የሚያደርግ ቁልፍ) እንደያዘ ተራው አልቆ ከእውነተኛው ኮር ቢነሣ፣ ሎኩን የሚፈልጉት ሌሎቹ እርሱ እስኪመለስ ድረስ ጊዜ ያባክናሉ፤ ኮሮቹ በበዙ መጠንም ይህ መጠባበቅ ይብሳል። «ይህ የድሮ ችግር ነው» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ቪኤምዌር ኢኤስኤክስ 3 ከተባለው ሃይፐርቫይዘሩ ጀምሮ የአንድን ማሽን ኮሮች እኩል የማስኬዱን ጥብቅ ደንብ ማላላቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን አንዱ ኮር እጅግ ወደ ኋላ ሲቀር የቀደሙትን ማስቆሙ ዛሬም አልቀረም። ፕሮግራሙም የራሱ ገደብ አለው፤ ከሥራው 10 በመቶው ተራ በተራ ብቻ የሚከናወን ከሆነ፣ 8 ኮር ቢሰጠው እንኳ ፍጥነቱ 5 እጥፍ አይደርስም።

አንድ መሥሪያ ቤት የደመወዝ ዳታቤዙ ከ4 ወደ 16 ኮር እንዲያድግ አጥብቆ ጠይቆን ፈጸምንለት፤ የወር መጨረሻው ሪፖርት ግን ከበፊቱም ዘገየ። የሬዲ ታይም (ኮር ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ተራ የሚጠብቅበት ጊዜ) ግራፉን ስንመለከት ኮሮቹ ረጅም ጊዜ የሚያሳልፉት በወረፋ ነበር። ወደ 4 መልሰን ለዋናው ሠንጠረዥ የጎደለውን ኢንዴክስ (መረጃን ፈጥኖ ለማግኘት የሚረዳ ማውጫ) ስንሠራለት ችግሩ ተፈታ። ስለዚህ በ2 ኮር ጀምሩ፤ ማሽኑ የተሰጠውን ኮር በእርግጥ ተጠቅሞ ሲጨርስ ብቻ ጨምሩ፤ ከዚያም እንደገና ለኩ። በቪሴንተር (የቪኤምዌር ማስተዳደሪያ) የ20 ሰከንድ ግራፍ ላይ ለአንድ ኮር 2,000 ሚሊሰከንድ ሬዲ ከታየ፣ ያ ኮር 10 በመቶውን ጊዜ በወረፋ አሳልፏል ማለት ነው።

«ማሽኑ ውስጥ ሲፒዩው ሥራ አልበዛበትም፤ ስለዚህ እጥረት የለም» የሚለውም አያስኬድም፤ በኬቪኤም (የሊኑክስ ሃይፐርቫይዘር) ላይ የሚሠራ ሊኑክስ ከሆነ በቶፕ ትእዛዝ ውስጥ «ኤስቲ» (st) የሚለውን ቁጥር ተመልከቱ፤ ሃይፐርቫይዘሩ ለሌላ የሰጠው ጊዜ የሚታየው እዚያ ነው።

ሃይፐርትሬዲንግ (አንዱን እውነተኛ ኮር ሁለት አስመስሎ የሚያሳየው የሲፒዩ ስልት) ኮሩን እጥፍ አያደርገውም፤ ሁለቱ ትሬዶች (የሥራ መስመሮች) የአንዱን ኮር የሥራ ክፍሎች ይጋራሉ።

ኮር እና ሚሞሪው ከአንድ ሶኬት (በሰርቨሩ ላይ አንድ ሲፒዩ የሚሰካበት ቦታ) አቅም የማያልፍ ማሽን በአንድ የኑማ ክልል (አንድ ሶኬት ከቅርብ ሚሞሪው ጋር) ውስጥ ቢቀር ይሻለዋል፤ ሚሞሪውን ከሌላው ሶኬት ማምጣት ጊዜ ይወስዳልና።