የስኳር መድኃኒቶችና የህዋስ ጉልበት፦ በሰሜን ሸዋ ጾም፣ ቆላና ውርጭ

በሰሜን ሸዋ ለሁለተኛው ዓይነት ስኳር በሽታ ከሚታዘዙት ኪኒኖች የተለመዱት ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላሚድ ናቸው። ሁለቱም የደም ስኳር ያወርዳሉ፤ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው። ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው በጾም ቀን ነው።

ህዋስ የሚሠራበት ጉልበት ኤቲፒ ይባላል። ኤቲፒ ሲቀንስ ኤኤምፒ የተባለው ያገለገለ ቅሪቱ ይከማቻል፤ ይህም ኤኤምፒኬ የተባለውን ኢንዛይም ይቀሰቅሳል፣ ህዋሱም ስብ መሥራቱን ትቶ ማቃጠል ይይዛል። ሜትፎርሚን የጉበትን ሚቶኮንድሪያ (የህዋስ ጉልበት ማመንጫ) በመጠኑ ስለሚያደክም ኤቲፒ ጥቂት ይጎድላል። ጉበት አዲስ ስኳር ለመሥራት ብዙ ኤቲፒ ስለሚፈልግ ሥራውን ይቀንሳል። ቀድሞ ሜትፎርሚን ስኳር የሚያወርደው በኤኤምፒኬ በኩል ነው ይባል ነበር፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ግን ጉበታቸው ኤኤምፒኬ የሌለው አይጦችም በሜትፎርሚን ስኳራቸው መውረዱ ታየ።

ሜትፎርሚን ብዙውን ጊዜ በ500 ሚሊ ግራም ከምግብ ጋር ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመራል። በአንዴ ከፍ ካለ ሆድ ያስቀምጣል፤ ብዙዎች የሚያቋርጡትም በዚሁ ነው። ኩላሊቱ ክፉኛ ለደከመ ሰው አይሰጥም።

ግሊቤንክላሚድ የሚሠራው ቆሽት ላይ ነው። ሰው ሲበላ በቆሽት ህዋስ ውስጥ ኤቲፒ ይጨምራል፣ በህዋሱ ሽፋን ላይ ያለው የፖታሲየም በር ይዘጋል፣ ካልሲየም ይገባል፣ የደም ስኳር የሚያወርደው ኢንሱሊን ይወጣል። ኪኒኑ ያንኑ በር ራሱ ይዘጋዋል፤ ያልበላውን ሰው ቆሽት እንደበላ ያስመስለዋል። ጠዋት 5 ሚሊ ግራም ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ላብ ካሰመጠው፣ እጁ ከተንቀጠቀጠና ንግግሩ ከተወላገደ ስኳሩ ወርዷል። በባዶ ሆድ አረቄ ከታከለበት ይብሳል፤ አልኮል ጉበት ስኳር እንዳይሠራ ያግዳልና። ራሱን ካልሳተ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ይጠጣ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይደገም። ከዚያ መብላትና ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ ነው፤ ኪኒኑ ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ስኳሩ ዳግም ሊወርድ ይችላል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥም። ሜትፎርሚን ብቻውን እንዲህ የሚያደርገው እምብዛም ነው። የመዋጫውን ሰዓት ወደ መብያ ሰዓት ማዛወር ከሐኪም ጋር ጾሙ ሳይገባ የሚወሰን ነገር ነው።

ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ጻድቃኔ ማርያም ጸበል ሲሄድም መድኃኒቱን ቤት አይተውም፤ በተለይ የአንደኛው ዓይነት ታማሚ ካቋረጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ ደሙ አሲድ ይሆናል። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣል። ሸዋ ሮቢት ቆላ ስለሆነ ፍሪጅ የሌለው ሰው ብልቃጡን ውኃ እንዳያስገባ በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በእርጥብ አሸዋ በተከበበ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ጥላ ሥር ያኖረዋል። ደብረ ብርሃን ላይ አስቸጋሪው ውርጭ ነው፤ በጥር ሌሊት መስኮት ሥር ያደረ ብልቃጥ በረዶ ሊሠራ ይችላል። አንዴ በረዶ የሠራ ቢቀልጥም አይሠራም፣ ይጣላል። ደመናማው ኢንሱሊን በመዳፍ መካከል ተንከባሎ ወጥ ካልሆነ፣ ወይም የጓጎለ ነገር ከብልቃጡ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ፣ ተበላሽቷል።