ስፔስድ ሪፒቲሽን ምንድን ነው? ደጋግሞ ማየት ግን አይደለም

ለሕክምና ሙያ ፈቃድ ፈተና ከሚዘጋጁ ልጆች ጋር ስቀመጥ አንድ ነገር ሳልሰማ የምነሳበት ቀን የለም። «እኔ ስፔስድ ሪፒቲሽን ነው የምጠቀመው፤ ትናንት ማታ ብቻ ስድስት መቶ ካርድ ጨርሻለሁ።» ሰሞኑን ደግሞ አንድ ሰው «ያው ችከላ ነው፣ ስሙን አሳመሩት እንጂ» ብሎ ለሌሎች ሲያስረዳ ሰማሁና አላስችል አለኝ። ሁለቱም ተሳስተዋል። የመጀመሪያው ስህተት ይበልጥ ያንገበግበኛል፤ እየለፋ ያለ ሰው ልፋቱ መና ሲቀር ማየት ከባድ ነው።

ፍላሽካርድ ማለት ፊቱ ላይ ጥያቄ፣ ጀርባው ላይ መልስ ያለበት ካርድ ነው። ስፔስድ ሪፒቲሽን ማለት እያራራቁ ማስታወስ ነው። እያራራቁ ማየት አላልኩም። ጥያቄው ፊታችሁ አለ፣ መልሱ ተሸፍኗል፣ እናንተ ከራሳችሁ ውስጥ ፈልጋችሁ ታወጡታላችሁ። ከወጣላችሁ የካርዱ ቀጣይ ቀጠሮ ይርቃል፤ ካልወጣ ይቀርባል። ነገሩ ይኸው ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት በራሱ ላይ እየሞከረ ሰው እንዴት እንደሚረሳ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። በኋላ ሰባስቲያን ላይትነር ካርዶችን በሳጥን እየከፋፈሉ የማጥናት ዘዴውን አስተዋወቀ። አብዛኛው የሕክምና ተማሪ የሚያውቀው የፍላሽካርድ ፕሮግራም፣ አንኪ፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። መሣሪያው እየተሻሻለ ሄዷል። አጠቃቀሙ ላይ ነው ችግሩ።

አንድ ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ ሲያጠና አየሁት። ስልኩ በቀኝ እጁ ነው። ጥያቄው ብቅ ይላል፣ አውራ ጣቱ ነካ ያደርገዋል፣ መልሱ ይወጣል፣ «አዎ፣ አውቀዋለሁ» ብሎ ራሱን ይነቀንቅና «ጥሩ» የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ ወደሚቀጥለው ያልፋል። አንዱ ካርድ ሁለት ሰከንድ አይፈጅበትም። መዳፌን ስክሪኑ ላይ ጣል አደረግኩና ደሙ ውስጥ ፖታሲየም ከመጠን በላይ ስለበዛበትና ኢሲጂው (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራው) ስለተለወጠ ታካሚ ጠየቅኩት። «ፖታሲየሙ 7.1 ነው፣ ኢሲጂው ተለውጧል። መጀመሪያ ምን ትሰጠዋለህ?» መልሱን ካየው ገና አምስት ደቂቃ አልሞላውም። ዝም አለ። «አፌ ላይ አለ» አለኝ። ጠበቅኩት፣ አልወጣም። እጄን ሳነሳለት «እንዴ፣ ካልሲየም! እሱንማ አውቀዋለሁ!» አለ።

እውነቱን ነው፣ ሲያየው ያውቀዋል። መልኩን የምናውቀውን ሰው መንገድ ላይ አግኝተን ስሙ እንደሚጠፋን ማለት ነው። ሲያዩ መለየት አንድ ችሎታ ነው፣ ሳያዩ ማውጣት ሌላ። ያ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለማምድ ያደረው የመጀመሪያውን ነው። የፈተናው ጥያቄ ምርጫ ስላለው መለየት ይበቃል የሚል ሰው አለ። በአሜሪካው የፈቃድ ፈተና በዩኤስኤምኤልኢ ስቴፕ 1 ለአንድ ጥያቄ ያለው ጊዜ ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። በዚያ ውስጥ የታካሚውን ታሪክ ማንበብ፣ በሽታውን መገመት፣ ከዚያ ቀጣዩን እርምጃ መምረጥ አለባችሁ። የበሽታው ስም ብዙ ጊዜ የትም አልተጻፈም። እሱን ከራሳችሁ ነው የምታወጡት።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ አነበቡ። ከዚያ አንዳንዱን ጽሑፍ ደግመው አነበቡት፤ ሌላውን ግን ሳያዩ ያስታወሱትን እንዲጽፉ ተደረገ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲለካ ደግመው ያነበቡት በለጠ፣ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፤ የተፈተኑበት 56 በመቶ፣ ደግመው ያነበቡት 42። ልጁን የሸወደው የአምስት ደቂቃው ውጤት ነው። ማንበብ ወዲያው ሲለካ ደህና ይመስላል። ስሜቱም ደስ ይላል፣ ሁሉም ነገር የተያዘ ይመስላችኋል።

እኔ ሐኪም ስለሆንኩ ማራራቁን የምረዳው በክትባት ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በተለመደው መርሐ ግብር ሦስት ጊዜ ይሰጣል፤ መጀመሪያ፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከዚያ ስድስተኛው ወር ላይ። ሦስቱንም መርፌ በአንድ ቀን የተወጋ ሰው ክትባቱን ጨረሰ አይባልም። መድኃኒቱ ያው ነው፣ ብዛቱም ያው። የጎደለው መሐል ላይ ያለው ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ ሰውነት ሥራ ላይ ነው። የማስታወስ ህዋሳት ይፈጠራሉ፣ የተሻሉት ይመረጣሉ። ቀጣዩ መርፌ የሚመጣው እነሱን ሊቀሰቅስ ነው። አንድን ካርድ በአንድ ማታ አሥር ጊዜ ማየትም አሥር መርፌ በአንድ ቀን እንደመወጋት ነው። ከሁለተኛው ጊዜ በኋላ መልሱ ገና ትኩስ ስለሆነ የምትፈልጉት ነገር የለም። ትንሽ ሲርቅባችሁ፣ ልትረሱት ስትሉ፣ ያን ጊዜ ፈልጋችሁ ብታወጡት ነው የሚጠነክረው።

ቀጠሮው ያለፈበት ሰውስ? ሄፓታይተስ ቢን ጀምሮ የጠፋ ሰው ከወራት በኋላ ቢመጣ ከዜሮ አናስጀምረውም፣ ካቆመበት እንቀጥላለን። ቀድሞ ከመጣ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከዝቅተኛው ክፍተት በፊት የተሰጠ መርፌ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል፣ በአንዳንድ አገር መመሪያ እስከ 4 ቀን ቢታለፍም። ካርድ ላይም ይህን ባደረጋችሁልኝ። ሁለት ሳምንት ታምማችሁ ስትመለሱ ዘጠኝ መቶ ካርድ ተከምሮ ቢጠብቃችሁ ሁሉንም አጥፍታችሁ እንደ አዲስ አትጀምሩ። አዲስ ካርድ መጨመሩን አቁሙና ክምሩን በየቀኑ ቀንሱት። ዘግይታችሁም ያስታወሳችሁት ካርድ ካለ እሱ ከሁሉም በላይ ጠንክሯል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ግን አይራራቅም የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። የተነከሰ ሰው በተለመደው አሰጣጥ በመጀመሪያው ቀን፣ ከዚያ ቀን ተቆጥሮ ከ3፣ ከ7 እና ከ14 ቀን በኋላ ይወጋል፤ ቫይረሱ ስድስት ወር አይጠብቅማ። ስለ ንክሻ ከተነሳ አይቀር፣ ከመርፌው በፊት ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ ግዴታ ነው፣ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ፈተናው ሳምንት የቀረውም ሰው እንደዚሁ ነው። ያን ጊዜ ስለ ማራራቅ አላወራለትም፣ ቀረብ ቀረብ አድርጎ ይሂድ። ግን ይህን ስፔስድ ሪፒቲሽን አይበለው። ከፈተናው በኋላም ሰው የሚያክምበት እውቀት ነውና እንደገና መምጣት አለበት።

ምሳሌዬ የማይሠራበትም ቦታ አለ። የተከተበ ሰው ተኝቶም ቢሆን ሰውነቱ ይሠራለታል። ካርድ ግን እናንተ ካልሠራችሁ አይሠራም። ፕሮግራሙም የሚያውቀው እናንተ የነገራችሁትን ብቻ ነው። መልሱን አይታችሁ «ጥሩ» ብትሉት አምኗችሁ ካርዱን ያርቀዋል። ከሳምንታት በኋላ ሲመለስ ጭራሽ የለም።

አሁን «ያው ችከላ ነው» ወዳለው ሰው ልመለስ። «ሐኪም መረዳት እንጂ መሸምደድ አይጠቅመውም» ነበር ያለው። ያልተረዱትን ነገር ካርድ ማድረግ ከንቱ እንደሆነ እስማማለሁ፤ ካርድ ማቆያ ነው፣ ማስተማሪያ አይደለም። ግን መረዳትም ይረሳል። ካልሲየም የልብን ጡንቻ እንደሚጠብቅ፣ ፖታሲየሙን ግን እንደማይቀንስ አንድ ጊዜ በደንብ ገብቶት ከዓመት በኋላ የጠፋበት ሰው አውቃለሁ። ታካሚው አልጋ ላይ ሆኖ ማሰብ ያለበት ሰው የሚያስብበት ነገር እጁ ላይ መኖር አለበት።

ችከላ የሚያደርገው የካርዱ አጻጻፍ ነው። «የሃይፐርካሌሚያ (የደም ፖታሲየም መብዛት) ሕክምና?» የሚል ካርድ ጀርባው ላይ ስድስት መድኃኒት ከተደረደረበት እሱ በእርግጥ ሽምደዳ ነው። አራቱን አስታውሳችሁ ሁለቱን ብትረሱ የትኛውን ቁልፍ ትጫናላችሁ? በታትኑት። «ኢሲጂው ሲለወጥ ካልሲየም የሚቀድመው ለምንድን ነው?» አንድ ካርድ። «ኢንሱሊን ከግሉኮስ ጋር ሲሰጥ ፖታሲየሙ የት ይሄዳል?» ሌላ ካርድ። ወደ ህዋስ ውስጥ ይገባል እንጂ ከሰውነት አይወጣም፤ ስለዚህ የሚያስወጣው ምንድን ነው የሚል ሦስተኛ ይመጣል። በነገራችን ላይ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ኢንሱሊኑ ረዘም ብሎ ስለሚቆይ ስኳሩ ከሰዓታት በኋላ ሊወርድ ይችላል። አንድ ጊዜ ለክታችሁ አትሂዱ።

ያን ልጅ ከአሥር ቀን በኋላ አገኘሁት። በቀን የሚያየው ካርድ ወደ መቶ ሃምሳ ወርዷል፣ የሚፈጅበት ሰዓት ግን ብዙም አልቀነሰም። መልሱን ጮክ ብሎ ሳይናገር ካርዱን አይገለብጥም። የፖታሲየሙን ካርድ አጥፍቶ በምትኩ አምስት ጽፏል። አምስተኛውን አሳየኝ። «ፖታሲየም 7.1፣ ታካሚው ደህና ነው፣ ኢሲጂው ንጹሕ ነው። መጀመሪያ ምን ትጠረጥራለህ?» መዳፉን ራሱ ስክሪኑ ላይ አድርጎ ጠበቀኝ። «ናሙናው ውስጥ ቀይ የደም ህዋሳት ፈርሰው ይሆናል፣ ደሙ በድጋሚ ይቀዳ» አልኩት። እጁን አነሳ።