ሂንዱና ሙስሊም በቅዱሳት መጻሕፍት ሲከራከሩ፡ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በህንድ ሂንዱዎችና ሙስሊሞች አንዱ የሌላውን መጽሐፍ እየገለጠ የሚከራከርበት ልማድ ረጅም ዕድሜ አለው። ዛሬ ክርክሩ በአጫጭር ቪዲዮዎች ይሰራጫል፤ ጥቅሱ ይነበባል፣ ከበፊቱና ከኋላው ያለው ይቀራል። ደጋግመው የሚነሱትን አባባሎች አንድ በአንድ እንይ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ፑራና ስለ ነቢዩ ሙሐመድ አስቀድሞ ተንብዮአል»

ይህ ከሙስሊም ሰባኪዎች በኩል በብዛት የሚሰማ ነው። ፑራና የሂንዱዎች የትረካ ቅዱስ መጽሐፍ ነው፤ የሚጠቀሰው ከብሃቪሽያ ፑራና፣ ፕራቲሳርጋ ፓርቫ ከሚባለው ክፍል ነው። ንጉሥ ቦጃ ጦሩን ይዞ ሲዘምት «ማሃማዳ» የሚባል የባዕድ ሕዝብ መምህር ከነተከታዮቹ ያገኛል። ተከታዮቹ የሚገረዙ፣ ጢም የሚያሳድጉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚጣሩ እንደሚሆኑ ይነገራል። እስከዚህ ድረስ ብቻ ያነበበ ሰው «ትንቢት ነው» ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን ጽሑፉ ማሃማዳን አያወድስም። እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ሺቫ የተባለው አምላክ ለንጉሡ ሲናገር፣ ይህ ሰው ቀድሞ ያቃጠልኩት የትሪፑራ ጋኔን ነው፣ ዳግም ተወልዶ መጣ ይለዋል። እምነቱንም የፒሻቻዎች፣ ማለትም የሥጋ በል አጋንንት፣ መንገድ ይለዋል። በአንዳንድ ስብከቶች ላይ ይህ ዓረፍተ ነገር ይዘለላል ወይም ለስልሶ ይተረጎማል።

የዕድሜውም ጉዳይ አለ። ይኸው ክፍል ስለ አዳምና ስለ ኖኅ፣ ህንድን ስለገዙት ሙስሊም የሞጎል ነገሥታት፣ በካልካታ ስለሰፈሩት እንግሊዞች፣ ስለ ንግሥት ቪክቶሪያ ጭምር ይተርካል፤ ስለዚህ አሁን ባለው መልኩ ጥንታዊ ሊሆን አይችልም። በሰፊው የተሰራጨው እትም በ1897 ቦምቤይ ውስጥ በቬንካቴሽዋር ማተሚያ ቤት የታተመው ነው። ስሙ ግን በእርግጥ ጥንታዊ ነው፤ አፓስታምባ በሚባለው የቆየ የሕግ ድርሳን ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራ ፑራና ተጠቅሷል። ሰው የሚሳሳተው የስሙን ዕድሜ ለይዘቱ ስለሚሰጠው ነው። «ጠቢቦቻችን የእስልምናን ምንነት ከሺህ ዓመታት በፊት አውቀው ነበር» የሚለው ሂንዱም የወደቀው እዚያው ስሕተት ላይ ነው።

«የሚጠበቀው ካልኪ ሙሐመድ ነው»

ካልኪ ሂንዱዎች ወደፊት ይመጣል ብለው የሚጠብቁት የቪሽኑ አምላክ ትስጉት ነው። መከራከሪያው የካልኪን አባት ስም ከነቢዩ አባት ከአብደላህ ስም ጋር በማመሳሰል ይጀምራል። ስሙን እንተወውና ዘመኑን እንቁጠር። በሂንዱ ትውፊት ካልኪ የሚመጣው በካሊ ዩጋ ዘመን ማብቂያ ነው። ዘመኑ 432,000 ዓመት ይረዝማል፤ የጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3102 ነው። ነቢዩ ሲወለዱ ገና 3,700 ዓመት አልሞላውም።

«ቬዳ ምስልን ይከለክላል፤ ሂንዱዎች መጽሐፋቸውን አያውቁም»

ቬዳዎች የሂንዱዎች ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት ናቸው፤ ከእነርሱ አንዱ የሆነው ያጁርቬዳ 32፡3 ላይ «ለእርሱ አምሳያ የለውም» ይላል። አባባሉ «እኩያ የለውም» ተብሎም «ምስል የለውም» ተብሎም ሊነበብ ይችላል፤ ይህንንም ሂንዱዎች ራሳቸው ሲሟገቱበት ኖረዋል። ጥቅሱን በምስል አምልኮ ላይ አጥብቆ ያነሳው ሂንዱው ስዋሚ ዳያናንዳ ሳራስዋቲ ነው። በ1869 ቫራናሲ ድረስ ሄዶ ምስል በቬዳ ተፈቅዷል ወይ በሚለው ላይ ከከተማው ሊቃውንት ጋር ፊት ለፊት ተከራክሯል፤ በ1875 ደግሞ አርያ ሳማጅ የተባለውን የሂንዱ ተሐድሶ ማኅበር መሠረተ። ይኸው ሰው በዋና ድርሰቱ 14ኛ ምዕራፍ ላይ ቁርኣንን ክፉኛ ይተቻል። በእርሱ አተረጓጎም ሂንዱን ለመርታት የሚነሳ ሙስሊም ይህን ማወቅ አለበት።

«ቁርኣን 9፡5 ሂንዱዎችን ግደሉ ይላል»

አሁን ወደ ሌላው ወገን። «አጋሪዎቹን ባገኛችሁባቸው ስፍራ ግደሉዋቸው» የሚለው ቃል አለ፤ መካድ አይቻልም። አጋሪ የሚባለው ከአላህ ጋር ሌላ የሚያመልክ ሰው ነው። ግን ንግግሩ የሚጀምረው ከ9፡1 ነው፣ ከሙስሊሞች ጋር ቃል ኪዳን ስለነበራቸው የዐረብ ጎሳዎች። 9፡2 አራት ወር ጊዜ ይሰጣቸዋል። 9፡4 ውላቸውን ያላፈረሱትን ለይቶ ያወጣል። 9፡6 ደግሞ ከአጋሪዎች አንዱ ጥገኝነት ቢጠይቅ አስጠጉት፣ ከዚያም ወደሚተማመንበት ስፍራ አድርሱት ይላል። ነገሩ በ631 አካባቢ በምዕራብ ዐረቢያ፣ በሒጃዝ የሆነ ነው፤ ህንድ እዚህ ውስጥ የለችም።

እዚህ ላይ ሐቁን ሙሉ መናገር ይገባል። ከጥንት የተፍሲር (የቁርኣን ትርጓሜ) ሊቃውንት መካከል ይህ አንቀጽ ብዙ የሰላም አንቀጾችን ሽሯል ያሉ ነበሩ፤ የሂንዱዎቹ ስጋት ከሜዳ የተነሳ አይደለም። በተግባር ግን በህንድ የሰፈነው የሐነፊ መዝሀብ (የእስልምና ሕግ ትምህርት) ሂንዱዎችን ጂዝያ፣ ማለትም ሙስሊም ያልሆነ ሰው የሚከፍለውን ግብር፣ ከፍለው በሃይማኖታቸው እንደሚኖሩ ዜጎች ቆጥሯቸዋል። የሞጎሉ ንጉሥ አክባር ግብሩን በ1564 አስቀረው፣ ኋላ የነገሠው አውራንግዜብ በ1679 መለሰው። ጂዝያ አዋራጅ ግብር ነበር፤ ይሁንና ግብር የሚጣለው በሕይወት እንዲኖር በተፈቀደለት ሰው ላይ ነው።

ጉዳዩ ፍርድ ቤትም ደርሷል። በ1985 ቁርኣን ይታገድ የሚል አቤቱታ በካልካታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ውድቅ ሆነ። በ2021 ደግሞ 26 አንቀጾች ይውጡ የሚለውን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥሎ አመልካቹን 50,000 ሩፒ ቀጣው። አመልካቹ በወቅቱ ሙስሊም ነበር።

«የሙስሊም ሊቃውንት ቬዳን አጥንተውት አያውቁም»

አል ቢሩኒ ሳንስክሪት ተምሮ በ1030 ገደማ ስለ ሂንዱዎች እምነት ሰፊ መጽሐፍ ጽፏል። የሞጎሉ ልዑል ዳራ ሺኮህ በ1657 ሃምሳ ኡፓኒሻዶችን፣ ማለትም የቬዳን የፍልስፍና ድርሳናት፣ ወደ ፋርስኛ አስተረጎመ፤ በቁርኣን 56፡78 የተጠቀሰው «የተጠበቀ መጽሐፍ» እነዚህ ናቸው እስከ ማለትም ደረሰ። አብዛኞቹ ዑለማእ (የእስልምና ሊቃውንት) አልተከተሉትም፤ በ1659 የተገደለውም በዙፋን ሽኩቻ ተሸንፎ፣ ከሃይማኖት ወጥቷል በሚል ክስ ነው።

«በህንድ የሌላውን መጽሐፍ መተቸት ወንጀል ነው»

አይደለም። በ1927 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 295ኤ፣ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በአዲሱ ሕግ አንቀጽ 299፣ የሚቀጣው ሆን ብሎና በክፋት የሃይማኖት ስሜትን ማቁሰልን ነው። ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ይደርሳል።

«ጥቅሱን ፈልጌ አጣሁት፤ ስለዚህ ውሸት ነው»

ከመፍረድዎ በፊት አቆጣጠሩን ያጣሩ። ሪግቬዳ የተባለው ቬዳ ሁለት አከፋፈል አለው፦ አንዱ ማንዳላ በሚባሉ 10 መጻሕፍትና በ1,028 መዝሙር፣ ሌላው እያንዳንዳቸው 8 ምዕራፍ ባላቸው፣ አሽታካ በሚባሉ 8 ክፍሎች። በአንዱ የተጻፈ ቁጥር በሌላው ሲፈለግ ሌላ ስንኝ ላይ ያደርሳል። የቆዩ የአውሮፓ የቁርኣን ትርጉሞች የጀርመናዊውን ሊቅ የፍሉገልን የ1834 አቆጣጠር ስለሚከተሉ ከ1924ቱ የካይሮ እትም በጥቂት ቁጥር ይለያሉ፤ ስለዚህ ከተጠቀሰው አንቀጽ በላይና በታች አምስት ስድስት አንቀጽ ያንብቡ። ያጁርቬዳ ደግሞ «ነጭ» እና «ጥቁር» የሚባሉ ሁለት ቅጂዎች አሉት። ከላይ ያነሳነው 32፡3 የሚገኘው በነጩ ነው፤ በጥቁሩ የሚፈልገው ሰው በዚያ ቁጥር አያገኘውም።