ጸበሉም ክኒኑም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሃይማኖትና ሳይንስ ይጣላሉ ወይ? ይህ ጥያቄ ለብዙዎቻችን የምሁራን ክርክር አይደለም። ጸበል ቦታ፣ ክኒን ኪሳችን ውስጥ ሆኖ የሚመጣብን ነው። “ካመንክ መድኃኒቱን ለምን ትውጣለህ?” የሚል አይጠፋም። ብዙ ጊዜም ተናጋሪው ክፉ ሰው አይደለም። አጠገባችን ጀሪካን ይዞ ወረፋ የሚጠብቅ ደግ ሰው ነው።

እስቲ ኢሳይያስ 38ን እንክፈት። ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት ታመመ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ጸለየ፣ አለቀሰ። እግዚአብሔርም ሰማው፤ በዕድሜው ላይ 15 ዓመት ጨመረለት። ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ “አያችሁ፣ ጸሎት ብቻውን ይበቃል” እንል ነበር። ግን ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ እባጩ ላይ እንዲለጥፉለት አዘዘ። የፈውሱን ተስፋ ያደረሰውም፣ መድኃኒቱን ያዘዘውም ያው ነቢይ ነው! ሕዝቅያስም “15 ዓመት ተሰጥቶኝ የለም እንዴ፣ በለስ ምን ያደርግልኛል?” አላለም። ሲራክም ስትታመም ጸልይ ይልና፣ ለሐኪሙም ቦታ ስጠው ብሎ ይጨምራል። እሱም ምዕራፍ 38 ነው፤ ለማስታወስ ይመቻል።

የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ሲጀምር፣ እንጦጦ ማርያም ጸበል ከነበሩት ሕሙማን ብዙዎቹ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ያለባቸው መስሏቸው ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ዛሬም ግን “ክኒኑን ተወው” የሚለው ምክር አልጠፋም።

አደጋው የት እንዳለ ልብ በሉ። መድኃኒቱ ቫይረሱ እንዳይራባ ይይዘዋል እንጂ ጠራርጎ አያወጣውም። ምርመራው “አይታይም” ቢልም ቫይረሱ ሴሎች ውስጥ ተደብቆ አለ። ክኒኑን ባቆምን ማግስት ታዲያ ምንም አይሰማንም። እንበላለን፣ እንሠራለን። “ዳንኩ” የምንለው በዚህ መሀል ነው። ቫይረሱ ግን በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። አንዳንዴም መድኃኒቱን ተላምዶ ይመጣል። የቲቢም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ሳሉ ስለቆመ ብቻ ያቋረጠ ሰው በሽታው ብሶበት ሊመለስ ይችላል።

ዲያብሎስ ጌታን ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር ሲለው መዝሙር ጠቅሶ ነበር። “ክኒኑን ወርውር” የሚለንም ጥቅስ አያጣም። የጌታ መልስ አጭር ነው፦ “ጌታን አምላክህን አትፈታተነው።”

“ታዲያ ጸበል አያድንም እያልክ ነው?” በፍጹም! ያድናል። ግን ጌታ ለምጻሙን ካነጻው በኋላ ምን አለው? “ሂድ፣ ራስህን ለካህን አሳይ።” በሙሴ ሕግ ለምጽን የሚመረምረው ካህኑ ነበር። ቆዳውን ያያል፤ ጠጉሩ ነጭ ሆኗል ወይ ይላል፤ ሲጠራጠር 7 ቀን ለይቶ አቆይቶ እንደገና ያያል። ጌታ ራሱ ያዳነውን ሰው ወደ ምርመራ ላከው። እኛስ ለምስክርነት ማይክ ከመጨበጣችን በፊት ብንመረመር ምን አለበት? ሐኪሙ አቁም እስኪል ድረስም ክኒኑ ይቀጥል።

ለሱባኤ ስትሄዱ የሚበቃችሁን መድኃኒት ያዙ። ለአጥማቂው ምን እንደምትወስዱ፣ ለሐኪሙም ጸበል እንደምትጠጡ ንገሩ። ከምግብ ጋር የሚወሰድ ክኒን ያላችሁ ደግሞ ጾሙ ሳይገባ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።