«ነክሳ ነው እንጂ ማን ውሻውን ይሰጣል?»

መቻል የሦስት ዓመት ውሻ ናት። ቡናማ ነች፣ ደረቷ ላይ ነጭ ጣል ብሎባታል፣ የሁለቱም ጆሮዎቿ ጫፍ ተቆርጧል። ጥምቀት ካለፈ ሳምንት ጀምሮ ከጎንደር ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ግቢ ውስጥ ናት። ግቢው የጓደኛዬ ነው፣ የእንስሳት ሐኪም። ሰዎች «አልቻልኩም» ብለው የሚያመጧቸውን ውሾች አዲስ ቤት እስኪያገኙ ያቆያል። አሁን አራት አሉ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ሄጄ ግቢውን አጸዳለሁ፤ በሌላው ቀን ደግሞ «ውሻ የሚፈልግ ታውቃላችሁ?» እያልኩ ሰው አደክማለሁ። ድለላ በሉት፣ ኮሚሽን የሌለው።

እስካሁን የወሰዳት የለም። ምክንያት ግን ሞልቷል። አራዳ ገበያ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሰምቻለሁ። አንድ በአንድ ልመልስ።

«ነክሳ መሆን አለበት»

ይሄ የሁሉም የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። የመጣች ቀን እዚያው ነበርኩ። ባለቤቷ ባጃጅ ነጂ ነው። ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ገመዷን ይዞ ገባ። በሌላ እጁ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ይዟል፣ የምትበላበት። «አከራዬ ቤቱን ሸጠው። ሦስት ቤት ጠየቅሁ፣ ውሻ ካለህ አይሆንም አሉኝ» አለ። ገመዱን ለሐኪሙ ሰጠው። ጎንበስ ብሎ ጆሮዋን ሁለቴ አሸት አሸት አደረገላትና ዞር ብሎ ሳያይ ወጣ። እሷ በበሩ ሥር ባለው ክፍተት አፍንጫዋን አስገብታ ተኛች። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ማታ ማታ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ብድግ ትላለች። ጎንደር ላይ ደግሞ ባጃጅ ማለፉን ያቆማል እንዴ?

ከአራቱ ውሾች ሁለቱ የመጡት በኪራይ ቤት ምክንያት ነው። የአንዱ ጌታ ሞተው ልጆቻቸው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። አራተኛው እውነትም ነክሷል። ሐኪሙ ይህን አይደብቅም፣ ልጅ ላለበት ቤትም አይሰጠውም። ስለዚህ «ለምን መጣች?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱን ሳይሰሙ መፍረድ ግን ሌላ ነገር ነው። የኪራይ ቤት ጣጣ ለሰውም አልቀረ፣ ውሻዋን ምን አድርጊ ነው የምንላት?

ሌላም ነገር አለ። በመጣች በሦስተኛው ቀን አንድ ሰውዬ ከፒያሳ ድረስ መጥቶ አያት። ከበርሜል ጀርባ ተወሽቃለች። «ፈሪ ናት፣ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ሄደ። ቤቷ በተለወጠ በሦስተኛ ቀኑ የማይፈራ ውሻ የት ይገኛል? ውሻ የሚያላምዱ ሰዎች ሦስት ቀን፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ወር የሚሉት ልማዳዊ ስሌት አላቸው። በሦስት ቀን ድንጋጤው ይበርዳል። በሦስት ሳምንት የቤቱን ሰዓትና ሰው ትለያለች። በሦስት ወር ቤቱ የእሷ ይሆናል። ሕግ አይደለም፣ አንዱ ይፈጥናል ሌላው ይዘገያል። አሁን መቻል እኔን ከሩቅ በእግር ኮቴዬ ታውቀኛለች። ሰውዬው ግን የሚያወራው አሁንም ስለዚያች ከበርሜል ጀርባ ስላያት ውሻ ነው።

«ትልቅ ውሻ ሰው አይለምድም፣ ቡችላ ነው መውሰድ»

ይህን የሚለው ሰው ራሱ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ሲል ይውላል። ሁለቱ እንዴት አብረው ይሄዳሉ?

ቡችላ ደስ ይላል፣ አልክድም። ግን ጫማ ይበላል፣ ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳል፣ አድጎ ምን እንደሚሆን አይታወቅም። የትልቅ ውሻ ቁመቱም ጠባዩም ፊት ለፊት ነው። ስትጮኽ ትሰሟታላችሁ፣ ከዶሮ ጋር ትስማማ እንደሆነ ታያላችሁ። መቻል ከዶሮ ጋር ትስማማለች። ከድመት ጋር፣ እሺ፣ እሱን እንለፈው።

«ሴት ናት? ተዋት በቃ»

ሴት ውሻ አትጠብቅም የሚለው ከየት እንደመጣ አላውቅም። ማታ አጥር ነክቶ የሚያውቅ ሰው ካለ እሱ ይመስክር። የሰው ትክክለኛ ፍርሃት ሌላ ነው፤ ትወልዳለች፣ ወንዶቹ በር ላይ ይሰለፋሉ። እውነት ነው። ውሻ በዓመት አብዛኛውን ጊዜ ሁለቴ ወንድ ትፈልጋለች፣ እርግዝናዋም 63 ቀን አካባቢ ነው። ቡችሎቹ ሲበዙ ደግሞ ሴት ሴቶቹ በካርቶን ሆነው ወንዝ ዳር እንደሚጣሉ ሁላችንም እናውቃለን። መፍትሔው ማምከን ነው። ማህፀኗን ሐኪሙ አውጥቶታል፣ ቁስሉም ድኗል። «አንዴ ሳትወልድ ብታመክኗት ትታመማለች» የሚባለውም ልክ አይደለም። ሳትወልድ በጊዜ የመከነች ውሻ እንዲያውም በጡት እጢ የመያዝ ዕድሏ ይቀንሳል።

«ታስሮና ተርቦ ያላደገ ውሻ አይጠብቅም»

ይሄ ያናድደኛል። የመቻልን ጆሮ የቆረጠው ሰው ያሰበው ይህንኑ ነው፣ ጆሮው የተቆረጠ ኃይለኛ ይሆናል ብሎ። በርበሬ የሚያበሉም አሉ። ጆሮ መቁረጥ የሚተወው ቁስል ብቻ ነው። በርበሬውም ሆድ ከማቃጠል ሌላ ሥራ የለውም። ቀን ከሌት የታሰረ ውሻ ያገኘውን ሁሉ ይናከስ ይሆናል፤ የሚናከሰው ግን ፈርቶ መሸሻ ስላጣ ነው። እንዲህ ያለ ውሻ ሌባውንና ውሃ ልትቀዳ የመጣችውን የጎረቤት ልጅ አይለይም። ጠባቂ የምንፈልገው ደግሞ እንዲለይልን ነው።

ለጎንደር ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ከከተማው ዳር ያላችሁ ጅብ ሌሊት በየአጥሩ ሥር እንደሚያልፍ ታውቃላችሁ። ያልታሰረ ውሻ ጮኾ ወደ ቤት ይጠጋል። አጥር በሌለው ግቢ በሰንሰለት የታሰረውን ጠዋት ላይ ሰንሰለቱን ብቻ ነው የምታገኙት።

«ውሻ ያገኘውን ይበላል፣ ምን ችግር አለ?»

አሁን ሁዳዴ ነው፣ በየቤቱ ውሻውም አብሮ ይጾማል። የተረፈው ሽሮ በእንጀራ ይፈተፈትለታል። ችግሩ ጾሙ አይደለም፣ ሽንኩርቱ ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ቢቁላላም ቢደርቅም ያው ነው። ትንሽ በትንሽ በየቀኑ ቢሰጥም ይጎዳል፤ ውሻው ድዱ ይነጣል፣ ይደክማል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። ሰው ደግሞ «ምን ነካብኝ ውሻዬን?» ይላል፤ ቡዳ ነው የሚልም አይጠፋም። ወጡ ሳይቁላላ በፊት ለውሻዋ ማስቀረት ይቻላል። ሩዝ ወይም ፍርፋሪ በአጥንት መረቅ፣ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ በርበሬ። እኛ ጋ የምትበላው ይሄንኑ ነው።

የተቀቀለ አጥንት፣ በተለይ የዶሮ፣ ሲሰበር እንደ ስንጥር ይሆንና አንጀት ይወጋል። ያንን ለድመትም አትስጡ።

ትልቁ ስህተት ግን ፋሲካ ላይ ይመጣል። ቅርጫ ሲታረድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይገኛል። ሰው ይጸየፈውና ለውሻ ይወረውረዋል። ያ ከረጢት የአንድ ትንሽ ትል እጭ ማደሪያ ነው። ውሻው ሲበላው በአንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል፣ ዕንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ሣር ላይና እጅ ላይ ይቀራል። ከዚያ ወደ ልጅ አፍ። በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ያው ከረጢት ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል፣ መጨረሻውም አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ጥገና ነው። ከዚያ ጥፋቱ የውሻዋ ይባላል። የወረወርነው እኮ እኛ ነን። ከረጢት ያለበትን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ለውሻው ደግሞ በየጊዜው የትል መድኃኒት ከእንስሳት ሐኪም ውሰዱለት።

«የግቢ ውሻ አያብድም፤ የሚያሳብደው ፀሐይ ነው»

ፀሐይም ረሃብም ውሻ አያሳብድም። የሚያሳብደው ቫይረስ ነው፣ የሚተላለፈውም በምራቅ፣ በአብዛኛው በንክሻ። ግቢ ውስጥ የሚውል ውሻን በአጥር የገባ ሌላ ውሻ ይነክሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሽታው ሰው ላይ ከሚደርስባቸው አጋጣሚዎች እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት ከውሻ የመጡ ናቸው። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ከምልክቱ በፊት ግን ክትባት ያድናል። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር ክትባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ልጅ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ከአድዋ በፊት መሆኑ ነው!

ያበደ ውሻ ሁሉ ደግሞ ሲሮጥና ሲናከስ አይገኝም። ዝም ብሎ የሚተኛ፣ መንጋጋው የወደቀ፣ ለሀጩ የሚዝረበረብ አለ። «አጥንት አንቆት ነው» ብሎ እጁን አፉ ውስጥ የሚከት ሰው አይጠፋም። እንዳታደርጉት።

ከተነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ። ሰዓት እያያችሁ፣ ረጅም ነው። ከዚያ ያንኑ ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ውሻው የሚታወቅ ከሆነ ወዲያው አትግደሉት፣ ዘግታችሁ 10 ቀን ተከታተሉት፤ ግን አሥሩ ቀን እስኪሞላ ብላችሁ ሕክምናውን አታዘግዩ። ጠበል መሄድ ማንም አይከለክልም። ሳሙናውና መርፌው ይቅደም ነው የምለው።

ውሻ በሦስት ወሩ ይከተባል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። «ቡችላ እያለ አስከትቤዋለሁ» ብሎ ነገር የለም። የመቻል ካርድ ሐኪሙ ጋ አለ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፣ ከተማችን በዚህ ከብዙ ከተማ ትሻላለች።

«ውሻ ያለበት ቤት መልአክ አይገባም»

አንዲት አክስቴ አጥብቀው ይሉታል፣ ስለዚህ በጥንቃቄ እናገራለሁ። ቤተ ክርስቲያን ውሻ አይገባም፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ስለ መልአክ ግን መጽሐፈ ጦቢትን ማየት ነው። ጦብያ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር መንገድ ሲጀምር የልጁ ውሻ ተከትሏቸው ይሄዳል። ሲመለሱም አብሯቸው አለ። መልአኩ ተመለስ አላለውም። ጳጉሜን 3 በዝናቡ የምንጠመቀው በዚሁ በሩፋኤል ቀን ነው። አክስቴ ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «እሱ የውጭ ውሻ ነው» አሉኝ። እሺ፣ ይሁን። መቻልም ሳሎን ልግባ አላለቻችሁም። ዝናብ የማያስገባ ጥግና ጆንያ ይበቃታል።

ባለፈው ቅዳሜ ከሳሙና በር አንዲት ትልቅ ሴት መጡ። ስለ ንክሻም ስለ ሴትነቷም አልጠየቁም። «ስሟን ማን አወጣው?» አሉ። የድሮ ሰው የውሻ ስም ለጎረቤት መልእክት መላኪያ መሆኑን ያውቃል። ባለቤቷ ነው አልኳቸው። «ከማን ጋር ተጣልቶ ይሆን?» ብለው ሳቁ። ከዚያ «ልጄ፣ ጅብ ሲመጣ ትነግረኛለች?» አሉኝ። ትነግርዎታለች አልኳቸው። እጃቸውን ዘረጉላት፣ አሸተተች፣ ጅራቷን አንዴ ብቻ ወዘወዘች።

ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ ብለዋል፣ አጥሩን አስጠግነው። እስከዚያ ቆርቆሮዋን አጥቤ አስቀምጬዋለሁ።